የሚያስነግር ዝምታ

አንድ መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልስ እስኪመጣለት ምን ያህል ይታገሣል? ይህን የሚጠየቅ መምህር አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ ብሎ ይገምት ይሆናል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ግን ግምቱን ትተው ለኩት። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ የተቀዱ ከ300 በላይ የቴፕ ቅጂዎችን ሰብስበው፣ በመምህሩ ጥያቄና በተማሪው መልስ መካከል ያለችውን ጸጥታ አንድ በአንድ ቆጠሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አማካዩ አንድ ሰከንድ ሆኖ ተገኘ። ልጁ በዚያች አንድ ሰከንድ ካልመለሰ መምህሩ ጥያቄውን ይደግማል፣ ወይም ሌላ ልጅ ይጠራል፣ ወይም መልሱን ራሱ ይናገረዋል። ልጁ ሲመልስም ችኮላው ያው ነው። የመጨረሻዋ ቃል ከአፉ ሳትወጣ መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ሮው ቀጥለው መምህራኑን ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅን አለማመዷቸው። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም አይደለችም። ሃምሳ ጥንድ ዓይን እያየው ለሚቆም ሰው ግን ረጅም ናት፤ እጅ የሚገባበት ይጠፋል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል። የቻሉት መምህራን ክፍል ውስጥ የታየው ለውጥ ብዙ ነበር። የልጆቹ መልስ ረዘመ። ሳይጠሩ የሚናገሩ ልጆች በዙ፣ «አላውቅም» ብሎ ዝም ማለት ቀነሰ፣ ልጆች ራሳቸው ጥያቄ መጠየቅና እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ሮው ሁለት ዓይነት ጥበቃ ለይተዋል፤ አንዱ ከጥያቄው በኋላ ያለው፣ ሌላው ልጁ ተናግሮ ካቆመ በኋላ ያለው። ልጅን ይበልጥ የሚያናግረው ሁለተኛው ነበር። ተናግሮ የጨረሰ የመሰለው ልጅ ትንሽ ከተተወ፣ ዋናውን ነገር የሚያመጣው ያኔ ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያሳምም አንድ ግኝት አለ። መምህራኑ በክፍላቸው የሚበልጡ ያሏቸውን አምስት ልጆችና ደካማ ያሏቸውን አምስት ልጆች እንዲሰይሙ ተጠየቁ። ከዚያ ሰዓቱ ተቆጠረ። ለጎበዞቹ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲጠበቅላቸው፣ ለደካሞቹ አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ጊዜ አብዝቶ የሚያስፈልገው ልጅ አነስተኛውን አገኘ ማለት ነው። ይህን ያደረጉት ክፉ መምህራን አልነበሩም፤ ሰዓት ሲያዝባቸው ነው ያወቁት። ጥበቃው በረዘመባቸው ክፍሎች ደካማ የተባሉት ልጆች መናገር ጀመሩ፤ መምህራኑም ስለ እነርሱ የነበራቸው ግምት መለወጥ ያዘ።

ነገሩ ከመማሪያ ክፍሉ አልፎ ወደ መምህራን ማረፊያና ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህር በክፍሉ ያሉት ተማሪዎች ትልልቅ ሰዎች ይሁኑ እንጂ እርሱም ጠያቂ ነው። መምህራንን ይጠይቃል፣ ወላጅን ይጠይቃል፣ የጥፋት ክስ የቀረበበትን ልጅ ይጠይቃል። ለእያንዳንዳቸው ስንት ሰከንድ እንደሚሰጥ ግን ቴፕ ይዞ የቆጠረለት የለም።

የተለመደውን የሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ማየት ይበቃል። ርዕሰ መምህሩ አጀንዳውን ያነባል፣ አጀንዳውን ያብራራል፣ ከወረዳ የመጣውን ደብዳቤ ያነባል፣ ደብዳቤውን ያብራራል። አርባ ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ ሰዓቱን እያየ «አስተያየት ያለው? የለም? እንግዲህ ከሌለ እንቀጥል» ይላል። «ያለው?» በሚለውና «የለም?» በሚለው መካከል ያለችው ክፍተት ሮው ከለኳት አንድ ሰከንድ አትበልጥም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። ስብሰባው ተበትኖ መምህራኑ ሻይ ቤት ሲደርሱ ግን ያ ዝም ያለ ሰው ሁሉ አፍ ያወጣል። የፈረቃው ድልድል ለምን እንደማይሠራ፣ የትኛው መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደሚዳረስ፣ የትኛው ክፍል ጣራ እንደሚያፈስ እዚያ ይነገራል። ለትምህርት ቤቱ የሚጠቅመው ስብሰባ ርዕሰ መምህሩ በሌለበት ተካሄደ ማለት ነው።

አማርኛ ለዚያ የስብሰባ አዳራሽ ጸጥታ የራሱ ምሳሌ አለው፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል። ይህ የፈሪ ዝምታ ነው፣ ራስን መከላከያ ነው። ግምገማ የሚባለውን ነገር ያየ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ የተናገረው ቃል ተጽፎ፣ ከወራት በኋላ በውጤት መሙያ ቅጽ ላይ ተመልሶ ሲመጣበት ያየ ሰው ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። እንዲህ ያለውን ዝምታ «ተናገሩ» ብሎ በመጎትጎት ማጥፋት አይቻልም። ርዕሰ መምህሩ ብዙ በተናገረ ቁጥር ይጠነክራል። የሚፈታው ሌላ ዓይነት ዝምታ ሲገጥመው ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ቀድሞ አፉን ሲይዝና የሰማውን ነገር መበቀያ ሳያደርገው ሲቀር።

ለዚህ ሁለተኛ ዝምታ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ትምህርት ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይወጣል። መንገዱ ግን በየዕለቱ አንድ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተከናንቦ፣ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል። ይህ «ቆጠራ» ይባላል። ከዚያ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፤ ይህ «ነገራ» ነው። የኔታ በዚያ ሰዓት የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ስሙ «ማስነገር» ነው። የኔታ ቅኔ ያስነግራሉ ይባላል።

በዚህች ግስ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። «ነገረ» የሚለው የተማሪው ነው፤ «አስነገረ» የሚለው የመምህሩ። አስነጋሪ ማለት ሌላው እንዲናገር የሚያደርግ ሰው ነው። የኔታ ግን የሚያስነግሩት በምን መሣሪያ ነው? በጆሯቸው ነው። ተማሪው ገና ሁለት ቃል እንዳለ ጣልቃ ቢገቡ ቅኔው ከተማሪው ልብ ይጠፋል፤ የቆጠረው ሁሉ ይበተናል። ስለዚህ ይሰማሉ። ቤት ሲመታ ይሰማሉ፣ ምሥጢሩ ሲፈታ ይሰማሉ፣ ሲሰበርም ይሰማሉ። ካለቀ በኋላ ነው የሚያርሙት፣ የሚያቃኑት። የጥንቱ ትምህርት ቤት አለንጋም እንደነበረው የታወቀ ነው፤ ሁሉም ነገሩ ለዛሬ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ይህ አንድ ልማዱ ግን፣ ማለትም የበላዩ ሰው የበታቹን እስከ መጨረሻ ሰምቶ ከዚያ የሚናገርበት ሥርዓት፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት አስተዳደር ውስጥ ቦታ ማጣቱ ትልቅ ጉዳት ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ዝምታን የአስተዳደር ሥርዓት አድርገው ለብዙ ዘመን የኖሩበት ኩዌከሮች ናቸው። እነዚህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተነሡ ክርስቲያኖች ጸሎታቸው በአብዛኛው በዝምታ የሚደረግ ነው፤ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ልቡ የተነካ ተነሥቶ ጥቂት ይናገራል፣ ይቀመጣል። በዮርክሻየር የሚገኘው የአክወርዝ ትምህርት ቤት ከ1779፣ በዋሽንግተን የሚገኘው የሲድዌል ፍሬንድስ ትምህርት ቤት ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ወግ ይዘው ቆይተዋል። የፕሬዚዳንት ኦባማ ልጆች የተማሩት በዚሁ በሲድዌል ነው። ሁለቱም በየሳምንቱ ተማሪና መምህር አብረው ዝም ብለው የሚቀመጡበት ሰዓት አላቸው።

ለርዕሰ መምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የኩዌከሮች የሥራ ስብሰባ አካሄድ ነው። እጅ እየተቆጠረ ድምፅ አይሰጥም። ስብሰባውን የሚመራው ሰው የሁሉንም ሐሳብ ይሰማል፣ ከዚያ ጉባኤው የደረሰበትን ነገር በቃለ ጉባኤ አርቅቆ እዚያው ያነበዋል። «አይደለም፣ እንዲህ አላልንም» የሚል ካለ ይታረማል። ስምምነት ከሌለ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆያል። ክርክሩ ሲግል ደግሞ መሪው አንድ ነገር ያደርጋል፤ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዲል ይጠይቃል። ሰው በዝምታው ውስጥ ተናጋሪውን ትቶ ወደ ነገሩ ይመለሳል። ባላንጣዎችን ሲያስታርቁ የሚውሉ የአገር ቤት ሽማግሎችም ይህን አያጡትም፤ ነገር ሲበላሽ «እስቲ ውጡና ተነጋገሩ» ብለው ባለጉዳዮቹን ወደ ውጭ የሚሰዱት ለዚሁ ነው።

ጊዜ ይፈጃል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነትም ይፈጃል። ሕንፃ ሲቃጠል፣ ልጅ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ማንንም ሳይጠብቅ ማዘዝ አለበት። ነገር ግን በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀኖች ስንት ናቸው? የቀሩት ቀኖች ውሳኔ በሌላ ቀን ሊወሰን ይችላል። ተቻኩሎ የወጣ የፈረቃ ድልድል ደግሞ መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ላይ እንደገና መሠራቱ የተለመደ ነው።

ዝም ማለት የሚጠይቀውን ድፍረት እስከ ጥጉ የወሰደ አንድ የልጆች ማሳደጊያ መሪ ታሪክ ያስታውሳል። ያኑሽ ኮርቻክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ሐኪም ሄንሪክ ጎልድሽሚት፣ በ1912 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ክሮክማልና ጎዳና ቁጥር 92 የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ መምራት ጀመረ። በዚያ ቤት የልጆች ፍርድ ቤት ነበር። በየሳምንቱ ዳኞች በዕጣ ይወጣሉ፤ ዳኞቹም ልጆች ናቸው። ማንም ማንንም መክሰስ ይችላል። የሕጉ አብዛኞቹ አንቀጾች ስለ ይቅርታ የተጻፉ ነበሩ፤ ሕግ ማለት በመጀመሪያ ጥፋተኛውን መረዳት ነው የሚል እምነት ነበረው ኮርቻክ። ከባዱ የመጨረሻው አንቀጽ ቁጥሩ 1000 ሲሆን ትርጉሙ ከቤቱ መሰናበት ነበር።

ኮርቻክ ስለዚህ ፍርድ ቤት ሲጽፍ በግማሽ ዓመት ውስጥ ራሱን አምስት ጊዜ እንደከሰሰ ይናገራል። አንድ ልጅ ጆሮውን መትቶት ነበር። ሌላውን ከመኝታ ክፍል አስወጥቶታል። አንዱን ጥግ አስቁሞታል። አንድ ዳኛ ሰድቧል። አንዲት ልጅ ሰርቃለች ብሎ ጠርጥሯታል። አምስቱንም በጽሑፍ አቅርቦ ልጆቹ እንዲፈርዱበት ጠበቀ። ፍርድ ቤቱ በይቅርታ አንቀጾች አሰናበተው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር በዓይነ ልቡናው ቢያይ መልካም ነው። ሐኪም የሆነ፣ ደራሲ የሆነ፣ በአገሩ ስሙ የገነነ ሰው የልጆች ዳኞች ስለ እርሱ ሲመክሩ ተራውን ይጠብቃል። ቃላት አያጥረውም፤ ሙያው ቃላት ነው። እርሱ ግን በገዛ ሕጉ ሥር ሆኖ የልጆቹን ቃል ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ያለ ልጅ በዳይን ለመክሰስ የሚፈራበት ምክንያት ምን ይቀራል? በ1942 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዷቸው ኮርቻክ ራሱን የማዳን ዕድል እያለው አብሯቸው ሄዶ ሞተ። የዓለም ሕዝብ የሚያስታውሰው ይህን መጨረሻውን ነው። ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ግን እነዚያን አምስት ክሶችም ማስታወስ አለበት።

ስለ ዝምታ በጎ ሲነገር አንድ ነገር በግልጽ ካልተነገረ ንግግሩ ሁሉ አደገኛ ይሆናል። በትምህርት ቤት ውስጥ ወንጀል የሆነ ዝምታ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በኮሪደሩ ሲያልፍ የዱላ ድምፅ ሰምቶ እርምጃውን የሚያፈጥን ርዕሰ መምህር ዝም አለ እንጂ አላዳመጠም። አንዲት ተማሪ በአንድ መምህር ላይ ያቀረበችውን አቤቱታ «የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍም እንዲሁ። ሁለቱን ዝምታዎች የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ዝምታ በኋላ የሚናገረው ማን ነው? መሪው ዝም ሲል ደካማው አፍ ካወጣ ዝምታው በጎ ነው። መሪው ዝም ሲል ደካማው አብሮ ከታፈነ ግን ተባባሪነት ነው፤ ሌላ ስም አይገኝለትም።

አንዳንዴ የሚሰማው ነገር ራሱ ስለ ጸጥታ ይሆናል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማንሃተን፣ ፒ.ኤስ. 98 የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍ ብሎ በተሠራ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ሲያልፍ መምህራን ንግግራቸውን ያቋርጣሉ፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ። ልጇ እዚያ የምትማር አንዲት እናት ይህን ነገር ለኮሌጅ መምህሯ ለአርሊን ብሮንዛፍት ነገረቻት። የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነችው ብሮንዛፍት ሰማቻት፤ ሰምታም አልተወችውም። በሐዲዱ በኩል ባሉ ክፍሎችና ጸጥ ባለው ወገን ባሉ ክፍሎች የሚማሩ ልጆችን የንባብ ውጤት ከባልደረባዋ ጋር አነጻጸረች። በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በባቡሩ በኩል ያሉት ልጆች ወደ ኋላ መቅረታቸውን፣ 6ኛ ክፍል ሲደርሱም ልዩነቱ አንድ የትምህርት ዓመት ያህል መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ የባቡር መሥሪያ ቤቱ በሐዲዱ ላይ የጎማ ንጣፍ አደረገ፣ በክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ተሠራ። ብሮንዛፍት እንደገና ለካች፤ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለብዙ ርዕሳነ መምህራን የቅርብ ሥራ አለ። በትምህርት ሰዓት የሚጮኸው የግቢው ድምፅ ማጉያ፣ ለአንድ መምህር ጥሪ ሲባል አርባ ክፍል የሚያቋርጠው ማስታወቂያ፣ በየመሐሉ በር አንኳኩቶ «ይቅርታ መምህር፣ አንዴ» የሚል መልእክተኛ፤ እነዚህን ለማስቆም የሐዲድ ጎማም በጀትም አያስፈልግም።

የክፍል ምልከታም ዳግም ሊታሰብበት ይገባል። በጃፓን መምህራን ባልደረባቸው ሲያስተምር አብረው ገብተው የሚያጠኑበት ከመቶ ዓመት የዘለቀ ልማድ አለ። ተመልካቾቹ ጣልቃ አይገቡም፤ ልጅ ሲሳሳት እያዩ እንኳ አያርሙም። ትምህርቱ አልቆ ለውይይት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚናገረው ያስተማረው መምህር ነው። ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደሆነለት፣ ምን እንዳልሆነለት እርሱ ይናገራል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ወይም ርዕሰ መምህሩ ቅጹን ይዞ ይገባል፣ ነጥብ ይሞላል፣ ሲወጣ «ጠንካራ ጎንህ ይህ ነው፣ ደካማ ጎንህ ይህ ነው» ብሎ ያነብለታል። መምህሩ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይፈርማል። ያ መምህር የዕለቱ ትምህርት ለምን እንደከሸፈ ከተመልካቹ አብልጦ ያውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም። ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ዛሬ እንዴት አየኸው?» ብሎ ጠይቆ፣ ከዚያም ሦስት ሰከንድ፣ አስፈላጊ ከሆነ አሥር ሰከንድ መጠበቅ ለርዕሰ መምህር ከባድ ሥራ ነው። ግን ሥልጠናም በጀትም ሳይጠብቅ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።

ሊጀመር የሚችለው ከበሩ ነው። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ማልዶ የሚቆም ጥበቃ አለ። የትኛው ልጅ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ልጅ በማን ታጅባ እንደምትመለስ፣ ማን አጥር እንደሚዘል ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። በስብሰባ ላይ ግን ስሙ የሚነሣው አንድ ነገር ሲሰረቅ ነው። ርዕሰ መምህሯ ጠዋት ስትገባ ቆም ብላ «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ምን አዲስ ነገር አለ?» ብትለው የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለም» ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ላይ «መልካም ቀን» ብሎ ያልፋል። እርሷ ግን ባታልፍ፣ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዙራ ትንሽ ብትቆም፣ አባባም በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውሩና ግቢውን በዓይናቸው ይቃኛሉ።

«ያቺ የ4ኛ ክፍሏ ልጅ ግን፣ ሦስት ቀን ሆናት በዚህ ከገባች…»